ኔትወርኩን ደጅ ጨርሳችሁ ግቡ

ይህን የምጽፈው በአንድ ክፍል ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ለሚጠብቃቸው፣ በየሥልጠናው «ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ» እየተባሉ መሣሪያው ግን የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥባቸው መምህራን ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን በምሥራቅ ሸዋ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፣ ከተማሪዎቼ ገሚሱ የራሳቸው ስልክ የላቸውም። እንዲህም ሆኖ ዛሬ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ነገር ሳላስገባ የማልፈው ምዕራፍ ጥቂት ነው። እዚህ እስክደርስ ብዙ ካርድና ብዙ ክፍለ ጊዜ በከንቱ ሄዷል። እናንተም ያንኑ ዋጋ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው።

ማስተማር የጀመርኩት በፕላዝማው ዘመን ነው። ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሱታላችሁ፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ገብቶ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት በየክፍሉ ይለቀቅ የነበረው ትምህርት። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግናል። ክፍሉ ውስጥ ግን አፉን የከፈተ ተማሪ የለም። ሳቅ ይሆናል። እኔ ከመሣሪያው ጎን ቆሜ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ቶሎ ቶሎ ላስረዳ ስሞክር እርሱ ወደሚቀጥለው ቀመር አልፏል። ማቆም አይቻል፣ መመለስ አይቻል፤ መብራት ከሄደም ያመለጠው አመለጠ። ከዚያ ዘመን አንድ መመዘኛ ተርፎኛል። አዲስ ነገር ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መሐል ላይ ላቆመው እችላለሁ?» ብዬ ነው። አይቻልም ከተባልኩ ስለ ሌላው ጥቅሙ መስማት አልፈልግም።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ እንደ ብዙ ባልደረቦቼ ወደ ቴሌግራም ሮጥኩ። የተማሪዎቼን ቁጥር አሰባስቤ ቡድን ከፈትኩ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ፣ ስልኬን በመጽሐፍ አስደግፌ፣ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እየቀረጽኩ እልክ ጀመር። አንዱን ቪዲዮ ለመላክ ግማሽ ሌሊት ይፈጃል። በማግስቱ ጥያቄ ስለጥፍ የሚመልሱት ግን ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ልጆች ናቸው። ነገሩ የተገለጠልኝ የአንዲት ተማሪዬ አባት፣ ባጃጅ የሚነዱ ሰው፣ ሲደውሉልኝ ነው። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልኩ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። ማታ ስገባ እሰጣታለሁ። ትናንት ግን እርስዎ የላኩትን ስትከፍት የሳምንቱ ጥቅሌ አለቀ፤ ዛሬ ደንበኛ ሲደውልልኝ መልሼ መደወል አልቻልኩም» አሉኝ። በትሕትና ነው የተናገሩት። እኔ ነጻ ትምህርት የምሰጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰውየውን የዕለት ገቢ እየነካሁ ኖሯል።

ከዚያ ቀን በኋላ ቪዲዮ መላክ ተውኩ። ምትኩ ቀላል ነው። ትምህርቱን በነጭ ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፌ፣ ሥዕሉን ስዬ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳዋለሁ። ከሥሩ የሁለት ወይም የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አያይዛለሁ፤ «አሁን ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቀስት ተመልከቱ» እያልኩ። የሦስት ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ልጅቷ አባቷ ማታ ሲገቡ በጥቂት ደቂቃ አውርዳ፣ ስልኩን መልሳ፣ ወረቀቱን ደብተሯ ላይ ገልብጣ መሥራት ትችላለች። ገና የምትጀምሩ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ፊልም የሚመስል ቪዲዮ ለመሥራት አትድከሙ፤ ልጆቹ የሚፈልጉት የእናንተን ድምፅና ንጹሕ ሥዕል ነው።

እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የቴሌግራም ቡድን ስትከፍቱ አባላቱ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ቡድናችን ውስጥ ማን እንዳስገባው ያልታወቀ ሰው ገብቶ ለሴት ተማሪዎቼ በግል መጻፍ ጀመረ። አንዷ ደፍራ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ስለዚህ ለትምህርት የምትከፍቱት ቡድን ሳይሆን ቻናል ይሁን፤ በቻናል ተከታዮቹ አይተያዩም፣ መልእክቶቻችሁም በጨዋታ አይዋጡም። ተማሪዎቻችሁ ደግሞ በስልካቸው ቅንብር ገብተው ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ እንዲያደርጉ፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ እንዲያጠፉ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው። ሁለተኛው ቅንብር ብቻውን የብዙ ቤት ካርድ ያድናል። ጥያቄ መቀበያ ሌላ መንገድ አበጁ፤ እኔ የክፍል ተወካዮቹ ሰብስበው እንዲልኩልኝ አደረግኩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ ቻናሌም አብሮ ሞተ። በጊዜው የአንድ ጊዜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

በ2013 ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቹ በፈረቃ፣ በየክፍሉ ጥቂት ጥቂት ሆነው ነበር የሚገቡት። ለእኔ ምቹ ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል አለው፤ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው፣ በሩ ተቆልፎ። ባለሙያው ቁልፉን እንዲሰጠኝ ስለምነው ነገ እያለ ብዙ አመላለሰኝ። ሰነፍ ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ «መምህር፣ ሁሉንም በሞዴል 22 ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አንዱ ቢቃጠል ከማን ደመወዝ ይቆረጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው። በትምህርት ክፍላችን ተጠሪ በኩል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱን አብሬ እንደምወስድ፣ በየኮምፒውተሩ ቁጥር ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎች ስም እንደሚመዘገብ ገልጬ ርዕሰ መምህሩ ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ ከእኔ ቀድሞ በሩን የሚከፍተው እርሱ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ የተቆለፈ ክፍል አለ፤ ከባለ ቁልፉ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ምን እንደሚያሰጋው ጠይቁት።

ክፍሉ ተከፈተ እንጂ ነገሩ አልሰመረም። የመጀመሪያ ሙከራዬ በቀጥታ ከኢንተርኔት ማሳየት ነበር። ፕሮጀክተሩ በርቷል፣ ተማሪው አንገቱን አስግጓል፣ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ትሽከረከራለች። ከኋላ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ጫጫታ። ደወል ሲደወል ክቧ አሁንም እየዞረች ነበር። ጠመኔ ይዤ ብገባ ኖሮ ሁለት ጥያቄ ሠርተን በወጣን ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ የተሻለ ኔትወርክ መጠበቅ አልነበረም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለመምህሩ ነው፤ ያውም ከክፍሉ በፊት፣ ሌሊት ወይም ኔትወርኩ በሚሻልበት ሰዓት። ተማሪው ፊት የሚቀርበው ፋይሉ ነው።

ለሳይንስ መምህራን ፌት የሚባለውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ሲሆን፣ የጀመሩት ካርል ዊማን ናቸው፤ እርሳቸውም በ2001 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል አንዱ ናቸው። ቤተ ሙከራ የሌለው መምህር በስክሪን ላይ ሙከራ የሚሠራባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ፔንዱለም፣ ሞገድ፣ የአሲድና የቤዝ መለኪያ፣ ክፍልፋይ ሁሉ አለ። ክፍያ የለውም። ዋናው ነገር አብዛኞቹ አንድ አንድ ሆነው መውረዳቸው ነው። አንዴ ያወረዳችሁት ፋይል በክሮም ሲከፈት ኔትወርክ አይጠይቅም። በፍላሽ ይዞራል፣ በስልክም ይከፈታል።

ፋይሉን መያዝ ብቻውን ግን ትምህርት አይሆንም። መጀመሪያ እኔ እየነካካሁ ልጆቹ እንደ ትርኢት ይመለከቱ ነበር፤ «ገባችሁ?» ስል «አዎ!»፤ ፈተና ላይ ባዶ። ለውጥ ያመጣው ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ሁሉም ግምቱን በደብተሩ እንዲጽፍ ማስገደዴ ነው። በእስክሪብቶ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖር።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ልተርክላችሁ። ከ10ኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ነው። አንድ ባትሪና በተከታታይ የተያያዙ ሁለት አምፖሎች ስክሪኑ ላይ አስቀመጥኩ፤ ማገናኛውን ገና አልዘጋሁም። የትኛው ይበልጥ ይበራል? አብዛኛው ክፍል «የመጀመሪያው» ብሎ ጻፈ። ከመሐል ረድፍ አንድ ልጅ ተነሥቶ አስረዳ፤ «ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ጋ ስለሆነ ጠግቦ ይበላል፤ ለሁለተኛው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው»። ክፍሉ አጨበጨበለት። ማገናኛውን ዘጋሁት። ሁለቱም እኩል በሩ። ዝምታ ሆነ። «ባትሪውን ያዙሩትና እንይ» አለች አንዲት ልጅ፤ አዞርኩት፤ አሁንም እኩል። ስክሪኑ ላይ የሚሄዱት ነጠብጣቦች ከአምፖሉ በፊትም በኋላም ፍጥነታቸው አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰት በመንገድ ላይ ተበልቶ እንደማያልቅ ለዓመታት በጠመኔ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት።

ልጁ ግን አልተረታም። «ይህ ኮምፒውተር ነው፣ እንደፈለጉ ሊያደርጉት ይችላሉ» አለ። ወደድኩት። በማግስቱ ከሱቅ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ድንጋይ ገዝቼ ገባሁ። አያያዝናቸው፤ ደግሞ ይግረማችሁ፣ የመጀመሪያው አምፖል ደምቆ በራ፣ ሁለተኛው ደበዘዘ። «አላልኩም!» ብሎ ዘለለ። ላብ አለኝ። ከዚያ ያቺው ልጅ «ቦታ እናለዋውጣቸው» አለች። ተለዋወጡ፤ የደመቀው አምፖል ሁለተኛ ቦታ ሆኖም ያው ደማቅ ነው። ልዩነቱ ከቦታው ሳይሆን ከአምፖሎቹ ነበር፤ አንድ ዓይነት ናቸው ተብለው ቢሸጡም ሬዚስታንሳቸው፣ ማለትም ፍሰቱን የሚቃወሙበት መጠን፣ እኩል አልነበረም። በተከታታይ ሲያያዙ ሬዚስታንሱ የሚበልጠው ይበልጥ ይደምቃል። ይህን ሐሳብ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ብሄድ ገና ሳምንታት ይቀሩኝ ነበር። ስለዚህ የምመክራችሁ ስክሪኑን ብቻውን አትተዉት፤ ከጎኑ ርካሽ የሆነ እውነተኛ ዕቃ አስቀምጡ። ሁለቱ ሲጣሉ ነው ጥሩ ትምህርት የሚገኘው።

የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ድረስም አልተከፈቱም። ቪፒኤን የሚባለው እገዳ ማለፊያ ያላቸው ልጆች ገቡ፣ የሌላቸው ቀሩ። ለክፍሌ በሰኔ 2012 ከደረሰብኝ ይልቅ የከፋው ይህ ነበር፤ ምክንያቱም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ በበቂ ስላልደረሰን የመጽሐፉን ቅጂ ሳይቀር የምናድለው በቴሌግራም ነበር። በአንድ መንገድ ብቻ መመካት እንደማያዋጣ የተረዳሁት ያኔ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃና ፊልም በሜሞሪ ካርድ የሚጭን ወጣት አለ። የምዕራፎቹን ፋይሎች በየክፍሉ ከፋፍዬ ሰጠሁት፤ «የ10ኛ ፊዚክስ ጫንልኝ» ላለው ሁሉ በነጻ ይጭንለታል፤ እርሱም ደንበኛ አገኘበት። ልጆቹ ደግሞ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያሻግረው በዜንደር እርስ በርስ ይላላካሉ፤ ያለ አንድ ሳንቲም ዳታ። በከተማችሁ እንዲህ ያለ ሱቅ አይጠፋም፤ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይልቅ ለተማሪያችሁ የቀረበ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ኮሊብሪ ነው። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ የታሰበ ነጻ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ በኢንተርኔት በነጻ የሚያስተምረውን የካን አካዳሚን ትምህርቶችና የፌትን ሙከራዎች ጨምሮ ብዙ ይዘት መርጣችሁ አንድ ጊዜ ታወርዳላችሁ። ሁሉንም ለማውረድ እንዳትሞክሩ፤ ዲስካችሁም ዳታችሁም አይችለውም፤ የምታስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ምረጡ። ያወረደ ባልደረባ ካለ በፍላሽ መቅዳት ይቻላል። ከዚያ ላፕቶፑን ከዋይፋይ ራውተር ጋር አገናኙት፤ ራውተሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ተማሪዎቹ በስልካቸው ዋይፋዩን ይዘው፣ ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁትን አድራሻ በክሮም ያስገባሉ። ራውተር ከሌለ የአንድ ስልክ ሆትስፖት፣ ዳታው ጠፍቶ፣ ለጥቂት ስልኮች ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግራችኋል። ስልኮቹ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብለው ራሳቸውን ወደ ሞባይል ዳታ ይመልሳሉ፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ዳታውን ያጥፋ። ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አቅርበን፣ በተወሰነ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ስልኮቹ ጠዋት ተመዝግበው ቢሮ ተቀምጠው፣ ለትምህርቱ ወጥተው እንዲመለሱ ተስማማን። በቡድን ሲቀመጡም ስልኩ የማን ነው የሚለው ክፉኛ ይለያያቸዋል፤ ባለ ስልኩ አለቃ ይሆናል፣ ሌሎቹ ከትከሻው በላይ ይንጠራራሉ። እኔ ያወጣሁት ሕግ ባለ ስልኩ እንዳይነካ ነው። ስክሪኑን የሚነካው ስልክ የሌለው ልጅ ነው፤ ባለ ስልኩ መልስ ይጽፋል። መጀመሪያ ተቆጡ፣ አሁን ለምደውታል። ሴቶቹ ልጆች ጸሐፊ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩም ዓይናችሁን አታንሡ።

በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ በበይነ መረብ ሲወስዱ፣ የእኛም ልጆች ተራቸው እንደሚደርስ ገባንና በኮሊብሪ አጭር መለማመጃ ፈተና አዘጋጀሁ። ያየሁት አስደነገጠኝ። ፊዚክሱን የሚያውቁ ልጆች የይለፍ ቃሉን ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለዩ እየጻፉ መግባት አቃታቸው፤ ማውሱን በሁለት እጅ የያዘች ልጅ ነበረች፤ ገጹ ወደ ታች እንደሚሄድ ባለማወቅ ሁለት ምርጫ ብቻ አይቶ የመለሰ ጎበዝ ልጅም ነበር። ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታረም ነገር ነው፤ የፈተናው ቀን ላይ ካልሆነ። የ12ኛ ክፍል አስተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጡና ምንም ሳትረዱ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የሚቸግራቸው እናንተ ከምትገምቱት ሌላ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ተጠይቄያለሁ። የቤት ሥራ እንከን በሌለው እንግሊዝኛ ተጽፎ ሲመጣ አልቆጣም፤ ልጁን ወደ ሰሌዳ እጠራና «ሦስተኛውን መስመር አስረዳን» እላለሁ። አስረድቶ ከተመለሰ ከየትም ያምጣው ነጥቡን ያገኛል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሲጠይቁት የሚሰጠው የፊዚክስ መልስ አንዳንዴ ዐይን ያወጣ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን ላገኘ ጉርሻ ነጥብ አለ። ለጊዜው ከዚህ አልፌ አልሄድኩም።

መቼ እንጀምር ለምትሉኝ፣ በክረምት። መስከረም ላይ ምዝገባ፣ የክፍል ድልድልና ስብሰባ ጊዜ አይሰጥም። በሐምሌና ነሐሴ ግን የሌሊት ጥቅል እየገዛችሁ የአንድ ምዕራፍ ፋይል ብቻ አውርዱ፤ አሥር ምዕራፍ አትበሉ። ራሳችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩት፣ የምትጠይቁትን የግምት ጥያቄ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ቅጂውን በሁለት ፍላሽና በስልካችሁ ያዙ፤ ፍላሽ ቫይረስ ይበላዋል። ላፕቶፑ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ገመዱን ነቅላችሁ ለኩ። ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ግዙ፤ የክፍሎቻችን ሶኬት ሁልጊዜ ከሰሌዳው በተቃራኒ ግድግዳ ላይ ነው የሚገኘው። መብራት በሚሄድበት ቀን የምትሠሩትን ያንኑ ትምህርት ደግሞ በጠመኔ አዘጋጁ፤ እኔ ግራፍ መሳልን እስከ ዛሬ በሰሌዳና በማስመሪያ ብቻ ነው የማስተምረው፤ ለእርሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።